ጀርመን ያለሁ የጠባሴ ልጅ ነኝ፤ የሙያ ስልጠናዬን ትቼ ለኳስ ሙከራ ልሂድ ወይስ ልቅር?

የጠባሴ_ልጅ

ሰላም የሸዋ ልጆች። የምታወሩትን ሁሌ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ምክር ቸግሮኝ ነው፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

19 ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። እናቴ ቀድማ ጀርመን ገብታ ስለነበር በ14 ዓመቴ ወሰደችኝ። ኳስ የጀመርኩት ግን እዚያው ነው። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ውርጩ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ሳለ እንሮጥ ነበር። እግራችን ከመደንዘዙ የተነሳ ኳስ ስንመታ ድንጋይ የመታን ያህል ያመናል። አሰልጣኛችን ደሞዝ የለውም። ኳሶቹን በጆንያ ተሸክሞ ይመጣል፣ በጆንያ ተሸክሞ ይሄዳል። በቃ ይኸው ነበር የታዳጊዎች ፕሮጀክታችን።

እዚህ እንደመጣሁ ሰፈር ውስጥ ያለ ክለብ ተመዘገብኩ። ወረቀቱ እስኪያልቅ 5 ወር ልምምድ ብቻ ነበር፤ ጨዋታ ቆሜ ነው የማየው። አሁን ላንደስሊጋ የሚባለው ውስጥ ነኝ፤ በእኛ ክልል 7ኛው እርከን ማለት ነው። የቀኝ መስመር አጥቂ ነኝ። ባለፈው ዓመት 11 ጎል አገባሁ። ጎን ለጎን የኤሌክትሪክ ሙያ እሰለጥናለሁ፣ 3 ዓመት ተኩል ነው፣ ሁለተኛው ላይ ነኝ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ፣ በሳምንት 3 ቀን ማታ ልምምድ። አንዳንዴ ባቡር ውስጥ ቦርሳዬን አቅፌ ተኝቼ መውረጃዬ ያልፈኛል።

ከ2 ሳምንት በፊት አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሰው በዋትሳፕ ጻፈልኝ። ቪዲዮህን አይቻለሁ፣ ፖርቱጋል ሁለተኛ ዲቪዚዮን ያለ ክለብ የ3 ሳምንት ሙከራ አዘጋጅቼልሃለሁ አለኝ። 1,800 ዩሮ ክፈል፣ በ10 ቀን ውስጥ ወስን፣ ዕድሉን የሚጠብቅ ሌላ ልጅ አለ አለኝ። 3 ሳምንት ፈቃድ አሠሪዬ አይሰጠኝም፣ ስለዚህ ስልጠናውን ማቋረጥ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ብሩን ለመንጃ ፈቃድ ያጠራቀምኩት አለ።

የስፔኑ ላሚን ያማል 17 ዓመት በሞላው ማግስት የአውሮፓ ዋንጫ አነሳ። እኔ 20 ሊሞላኝ ነው። ይሄ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል። ምን ትሉኛላችሁ?

መንዜው_10ቁጥር

ወንድሜ ሂድ! እኔ መንዝ፣ መሀል ሜዳ ከተማ ነው ያለሁት፣ 26 ዓመቴ ነው። በ17 ዓመቴ አዲስ አበባ ሙከራ ተጠርቼ ነበር። ለትራንስፖርትና ለማደሪያ የሚሆን ብር ታጣ። አባቴ በግ ልሽጥ አለኝ፣ እኔ ደግሞ በግ አስሸጥቼ ሳላልፍ ብመለስስ ብዬ ፈራሁና ቀረሁ። ይኸው 9 ዓመት ሆነኝ፣ አሁንም ኳስ በቲቪ ባየሁ ቁጥር ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። ሞክሮ መውደቅ ያልፋል። ሳይሞክሩ መቅረት ግን አያልፍም፣ አብሮህ ያረጃል። ሙያው የትም አይሄድም፣ እግር ግን ይሄዳል።

የሳላድንጋዩ

ሰላም ታናሽ ወንድሜ። እኔም ጀርመን ነኝ፣ 12 ዓመት ሆነኝ። እዚህ ስመጣ 24 ዓመቴ ነበር፣ እስከ 31 ድረስ በታችኛው ሊግ ተጫውቻለሁ፣ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሕፃናት አሰለጥናለሁ። ስለዚህ የምነግርህ ያየሁትን ነው።

መንዜው ያለውን አልንቅም፣ ቁጭቱ እውነት ነው። ግን የሱ ሙከራና ያንተ ሙከራ አንድ አይደለም። እሱን የጠራው ክለብ ነው። አንተን የጠራህ ግን ማነው? ዋትሳፕ ላይ ያለ ሰው። የክለቡን ስም እንኳ ነግሮሃል?

መጀመሪያ የገንዘቡን ነገር ልንገርህ። ትክክለኛ ኤጀንት ድርሻውን የሚያገኘው ውል ከተፈረመ በኋላ ነው። ገና ሙከራ ሳትሄድ ከኪስህ ብር የሚጠይቅህ ሰው ደላላ ነው፣ ደላላም ከሆነ ደግ ነው። ሁለተኛ፣ ፊፋ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ፈተና አልፎ ፈቃድ ያላወጣ ሰው የኤጀንት ሥራ እንዳይሠራ አድርጓል። የባለፈቃዶቹ ስም ፊፋ ድረ ገጽ ላይ በግልጽ አለ፤ ስሙን አስገብተህ ፈልገው፣ 2 ደቂቃ አይፈጅብህም። ሦስተኛ፣ ክለቡ ቢሮ ራስህ ደውል። እንግሊዝኛ ባትችል ጓደኛህ ይደውልልህ። «በዚህ ቀን ሙከራ ጠርታችሁኛል ወይ?» ብለህ ጠይቅ። የጠራህ ክለብ በክለቡ ኢሜይል ይጽፍልሃል።

ሌላው ወጣቶች የማያስቡት የወረቀት ጉዳይ ነው። በጀርመን የመኖሪያ ፈቃድህ ፖርቱጋል ለአጭር ጊዜ መግባት ትችላለህ፤ ሥራ መሥራት ግን አትችልም። እዚያ ለመጫወት ውልና የሥራ ፈቃድ ያስፈልግሃል። ደግሞ ከጀርመን ወጥተህ ከ6 ወር በላይ ከቆየህ፣ ቀድመህ ካላስፈቀድህ በቀር ፈቃድህ ሊጠፋ ይችላል። ስልጠናህንም አቋርጠህ፣ ፈቃድህንም አጥተህ፣ ክለብም ሳይኖርህ እንዳትቀር ነው የምፈራልህ።

አሁን ስለ ዕድሜህ። ያማልን ተወው፣ እሱ በ7 ዓመቱ ባርሴሎና የገባ ልጅ ነው። አንተ የምትኖርበት አገር ያደገውን ሚሮስላቭ ክሎዘን ልንገርህ። ከፖላንድ በ8 ዓመቱ ከቤተሰቡ ጋር መጣ፣ ጀርመንኛ አያውቅም ነበር። አናጺነት ሰለጠነ። በ20 ዓመቱ ገና 7ኛው እርከን ላይ የመንደሩ ቡድን ውስጥ ነበር የሚጫወተው፣ ልክ አንተ አሁን ያለህበት ማለት ነው። በኋላ ካይዘርስላውተርን ገባ፣ በ4 የዓለም ዋንጫ 16 ጎል አገባ፣ በ2014 ዋንጫውን አነሳ። ሁሉም ክሎዘ ይሆናል አልልህም፣ አይሆንም። ግን «20 ሞላኝ፣ አለቀልኝ» የምትለው ነገር ልክ አይደለም። የሙያ ስልጠናውም አላገደውም።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ በአቅራቢያህ ያለ ኦበርሊጋ ክለብ ፈልግ። 5ኛው እርከን ነው፣ ካንተ 2 ደረጃ ከፍ ይላል። ቪዲዮህንና የጎልህን ቁጥር ለአሰልጣኙ ላክ፣ ለክለብህም አስቀድመህ ንገር። ፕሮበትሬይኒንግ ይሉታል፣ ከነሱ ጋር ማታ ልምምድ ገብተህ ያዩሃል። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም። ሥራም አያስቀርም። ከወደዱህ እስከ ጁን 30 ከክለብህ ትለቅና ለአዲሱ የውድድር ዘመን ትመዘገባለህ። እኔ የማውቃቸው 3 ክለቦች አሉ፣ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

እናት_ከደብረሲና

ልጄ፣ እኔ ስለ ኳስ ብዙ አላውቅም። ይህንን የማነበው የልጄ ልጅ ስልክ ላይ ከፍታልኝ ነው። ስላንተ ሳነብ ግን ሆዴ ተላወሰ።

የእኔም ልጅ እንዳንተ ነበር። ኳስ ሲጫወት ሰው ሥራ ፈትቶ ያየዋል። አንድ ሰው መጣና ውጭ አገር አስገባዋለሁ አለን። ባሕር ዛፉን ቆርጠን ሸጥን። ያም አልበቃም፣ ከዘመድ ተበደርን። ልጄ ሄደ። ሰውየው ሆቴል አስገብቶት ነገ መጥቼ እወስድሃለሁ ብሎት ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ልጄ 4 ወር እየለመነ፣ በሰው አገር የሰው ቤት ወለል ላይ እየተኛ ኖረ። ያ ሁሉ ሲሆን እኔ ጋ ሲደውል «ደህና ነኝ እማዬ፣ እየተለማመድኩ ነው» ይለኝ ነበር። ብሩ መጥፋቱ አይደለም ያቃጠለኝ። ደህና ነኝ ማለቱ ነው። ብቻውን ተሸክሞት መክረሙ።

አሁን ተመልሷል፣ ተመስገን፣ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይነግዳል። ኳስ ግን አንድ ቀን አላነሳም። ታኬታውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠው።

ልጄ፣ ለእናትህ ንገራት። ትቆጣኛለች ብለህ አትፍራ። እናት የሚያስቆጣት አለማወቋ ነው። ዛሬ ማታ ንገራት።

መንዜው_10ቁጥር

እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሂድ ስል የራሴን ቁጭት ነው የተናገርኩት። ግን ለሳላድንጋዩ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንተ የምትለው ጀርመን ላለ ልጅ ይሠራል። እዚህ መንዝ ያለ ልጅ ኦበርሊጋ የለው፣ ማታ ልምምድ የሚያየው የለ፣ ደላላውን ካላመነ ማንን ይመን? አንዳንዱ ልጅ ደላላ መሆኑን እያወቀ ነው የሚሄደው፣ ሌላ በር ስለሌለው።

ዋልያ_ከአታዬ

መንዜው ልክ ብለሃል፣ ግን በሩ ጭራሽ የለም አይባልም። አቡበከር ናስርን አስብ። እዚሁ ኢትዮጵያ ቡና ሆኖ በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አገባ፣ ከዚያ የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ራሱ መጥቶ ወሰደው። ጌታነህ ከበደም ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄደው እዚህ ጎል አግብቶ ነው። ሳላዲን ሰኢድም ግብፅና ቤልጂየም የተጫወተው ስሙ በሊጋችን ከታወቀ በኋላ ነው። ሎዛ አበራ ደግሞ ማልታ ሄዳ በቢርኪርካራ ዋንጫ አንስታለች። ሁሉም መጀመሪያ አገር ቤት ስም ያላቸው ነበሩ። መንገዱ ረጅም ነው፣ ግን ደላላ የሌለበት መንገድ ነው።

ለጠባሴው ልጅ ደግሞ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የጀርመን ዜግነት የመውሰድ ሐሳብ አለህ? ጀርመን ከ2024 ወዲህ ድርብ ዜግነት ትፈቅዳለች፣ የእኛ ሕግ ግን አይፈቅድም። የሌላ አገር ዜግነት ከወሰድክ ኢትዮጵያዊነትህ ይቀራል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ታገኛለህ፣ በሱ ግን ለዋልያዎቹ መሰለፍ አይቻልም፣ ፊፋ የሚያየው ዜግነትህን ነው። ገና ነው ትል ይሆናል። እኔ ግን በ2013 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ስንገባ ልጅ ነበርኩ፣ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ ሲያገባ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሊፈርስ ነበር። የማላውቀውን ሽማግሌ አቅፌ አልቅሻለሁ። ያን ማልያ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ለብሶት ባይ እንዴት ደስ ባለኝ። ስትወስን ይህንንም አስበው ብዬ ነው።

አሰልጣኝ_በሬሳ

ይህን ጽሑፍ ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጆንያ ተሸካሚው እኔ ነኝ። አንተም ማን እንደሆንክ አውቄሃለሁ፣ ስምህን ግን አልጽፍም። ቀኝ እግርህ ብቻ ነበር የሚሠራው። አንድ ክረምት ሙሉ የቀኝ ታኬታህን አስወልቄ በካልሲ አጫወትኩህ፣ በግራህ እንድትመታ። አለቀስክ። እናትህ ስትደውል ነግረሃት እሷም ደውላ ተቆጣችኝ። አሁን ከ11 ጎልህ ስንቱን በግራህ አገባህ?

ልጄ፣ አትክፈል። የሳላድንጋዩ ወንድማችን ያሉህን አድርግ። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ በዚያ አየር ሮጠህ ያደግህ ልጅ ነህ። 85ኛው ደቂቃ ላይ ሌላው ሲደክም አንተ ገና ነህ። ለአዲሱ አሰልጣኝ ይህንን አሳየው። ፍጥነት ያለው ብዙ ነው፣ እስከ መጨረሻው የሚሮጥ ግን ጥቂት ነው።

የጠባሴ_ልጅ

አሰልጣኝ!!! እርስዎ እዚህ ይኖራሉ ብዬ አላሰብኩም። እያነበብኩ እጄ ተንቀጠቀጠ። 4ቱን በግራዬ ነው ያገባሁት። አንዱ ከ20 ሜትር።

ታርማበር_ላይ

ጣልቃ ልግባና አሰልጣኝን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እኔ ስዊድን ነኝ፣ በአንድ ትንሽ ክለብ ውስጥ በበጎ ፈቃድ የታዳጊዎች ምዝገባ እሠራለሁ። ፕሮጀክትዎ በፌዴሬሽን በኩል የተመዘገበ ነው?

የምጠይቀው ለዚህ ነው። አንድ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ በገንዘብ ሲዛወር፣ ከዝውውሩ ዋጋ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው እያንዳንዱ የውድድር ዘመን 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ 0.5 በመቶ ነው። ይህ ልጅ አንድ ቀን በ1 ሚሊዮን ዩሮ ቢሸጥ፣ እርስዎ ጋ 12ንና 13ን ቢጨርስ እንኳ 5,000 ዩሮ የእናንተ ነው። ስንት ኳስ፣ ስንት ታኬታ እንደሚገዛ እርስዎ ያውቁታል። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ፊፋ ይህን ገንዘብ ፓሪስ ባቋቋመው ክሊሪንግ ሃውስ በሚባል የክፍያ ማዕከል በኩል ነው የሚያከፋፍለው፣ መሠረቱም ፌዴሬሽኖች የያዙት ምዝገባ ነው። ያልተመዘገበ ልጅ የትም ሰልጥኖ እንደማያውቅ ነው የሚቆጠረው። ያልተመዘገበ ቡድንም እንደዚያው።

አሰልጣኝ_በሬሳ

አልተመዘገበም። 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ጠይቄ ብዙ ወረቀት አምጣ ስባል ተውኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጆቹን ማጫወት ዋናው ሥራ ይመስለኝ ነበር፣ መጻፉን ንቄው ነው።

ሌላም ችግር አለ። የልጆቹ ዕድሜ። ለውድድር ስንሄድ «ቀንስላቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልቀንስም፣ ግን የብዙዎቹን ትክክለኛ የልደት ቀን ራሴም አላውቀውም። የልደት ምስክር ወረቀት ያላቸው ጥቂት ናቸው።

ታርማበር_ላይ

አሰልጣኝ፣ እርስዎን የሚወቅስ የለም። ያለ ደሞዝ 11 ዓመት! ግን አሁንም አልረፈደም። ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ወደ ሌላ አገር ክለብ መዛወር አይችልም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፤ አንዱ ወላጆቹ ከኳስ ውጭ በሆነ ምክንያት ሲዛወሩ ነው። የጠባሴው ልጅ ያለፈው በዚያ ነው። 5 ወር ያስጠበቀውም ይህንን ማረጋገጡ ይመስለኛል። ስለዚህ ቀኑ ትክክል መሆኑ ልጁን ራሱን ይጠቅመዋል። ዕድሜ የተቀነሰለት ልጅ ውጭ ሲወጣ ፓስፖርቱ አንድ፣ የውድድር ወረቀቱ ሌላ ሆኖ ይያዛል።

የቀን አቆጣጠሩንም ይጠንቀቁ። በእኛ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 (ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት እስከ 21) የተወለደ 7 ይጨመርለታል፣ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ብዙ ሰው ዝም ብሎ 8 ይደምራል። ታኅሣሥ 15 ቀን 2003 የተወለደ ልጅ ዲሴምበር 24 ቀን 2010 ነው የሚሆነው። 8 ደምረው 2011 ካሉት በኳስ አንድ ሙሉ የዕድሜ እርከን ነው የሚለወጠው። በኋላ ማጭበርበር ይባላል። ማንም ሳያጭበረብር።

የሳላድንጋዩ

ይሄ እኔም ላይ ደርሷል። እዚህ ስመጣ ልደቴን ጃንዋሪ 1 ብለው ጻፉልኝ። እስከ ዛሬ ሥራ ቦታ በዘመን መለወጫቸው እንኳን ተወለድክ ይሉኛል፣ የተወለድኩት ግን ሐምሌ ነው።

የጠባሴ_ልጅ

ሰላም በድጋሚ። 6 ቀን ጠፋሁ፣ ይቅርታ።

የሳላድንጋዩ ጋሼ እንዳሉኝ የክለቡን ስም እንዲነግረኝ ሰውየውን ጠየቅሁት። መጀመሪያ ሲያንገራግር ቆየ፣ በኋላ ነገረኝ። የሥራ ባልደረባዬ ፖርቱጋላዊ አባት አለው፣ ደወለልን። ክለቡ እኔንም ሰውየውንም አያውቅም። በዚያ ሳምንት ሙከራም የላቸውም። ስሙን ፊፋ ላይ ፈለግሁት፣ የለም። ይህንን ስጽፍለት ዘጋኝ።

ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አላለችም። ተነስታ ቡና ማፍላት ጀመረች፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ። ሦስተኛውን ስትቀዳ «እኔ እዚህ ብቻዬን የቆየሁት 6 ዓመት ላንተ ነው፣ ሌላ ምስጢር አትያዝብኝ» አለችኝ። እስከ 7 ሰዓት አወራን። እማማ ከደብረ ሲና፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎን ሰላም በሉልኝ። እሱ ደህና ነኝ ያለው እርስዎን ላለማስጨነቅ ነው፣ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት።

ትናንት ደግሞ ከአንዱ ኦበርሊጋ ክለብ መልስ መጣ። ማክሰኞ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ልምምድ ና ብለውኛል፣ ሐሙስም እንደዚያው። ከሥራ በቀጥታ ነው የምሄደው። የኔ አሰልጣኝም ፈቅዷል፣ እንዲያውም መኪና አለኝ አደርስሃለሁ አለ።

አሰልጣኝ፣ ለመንጃ ፈቃድ ካጠራቀምኩት ላይ ለኳስ የሚሆን ልልክልዎት ነው። እንቢ እንዳይሉኝ። ጆንያውንም ይቀይሩት።

መንዜው_10ቁጥር

በርታ ወንድሜ። ማክሰኞ ምን እንደሆነ ጻፍልን። እኔም መሀል ሜዳ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ 15 ልጆች የማጫውት አሉ፣ እስከ ዛሬ ስማቸውን ጽፌ አላውቅም። አሰልጣኝ፣ ምዝገባውን ሲጀምሩ እንዴት እንደሚደረግ ይንገሩኝ፣ እኔም እሞክራለሁ።

አሰልጣኝ_በሬሳ

ጀምሬያለሁ። ሰኞ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄጄ የሚያስፈልገውን ጠይቄ መጣሁ፤ ያኔ ብዙ የመሰለኝ ወረቀት ያን ያህልም አይደለም። ባለ 100 ገጽ ደብተር ገዛሁ። 23 ልጆች አሉኝ። ስም፣ የእናት ስም፣ የልደት ቀን በእኛና በእነሱ፣ ልምምድ የጀመረበት ቀን። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ሰጠሁ።

አንዱ የልደት ወረቀት የለውም። እናቱ ዘንድ ሄጄ ስጠይቃት «በ2004 ለቃና ዘገሊላ ታቦት ሲገባ ነው ምጥ የያዘኝ፣ በዚያው ቀን ተወለደ» አለችኝ። ጥር 12 ማለት ነው። ጃንዋሪ 20 ቀን 2012 ብዬ ጽፌዋለሁ፣ ልክ ነኝ?

ታርማበር_ላይ

አንድ ቀን ተሳስቷል አሰልጣኝ። 2003 ጳጉሜን 6 ነበረች፣ ስለዚህ በ2004 ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነው። ቃና ዘገሊላ 21 ነው።

አሰልጣኝ_በሬሳ

አስተካክያለሁ፣ ጃንዋሪ 21። የ18ቱን ጨርሻለሁ። የቀሩትን 5 ነገ ከልምምድ በኋላ ቤታቸው ሄጄ እጠይቃለሁ።